አሮጌውን መልሶ አዲሱን መውሰድ፦ የአምራቾች የልዋጭ ሥርዓት ታሪክ ከስፌት መኪና እስከ ግራፊክስ ካርድ

መቅድም

አንድ ሰው ዕቃ በገዛ ማግሥት ከርሱ የተሻለ ሌላ ዕቃ በዚያው ዋጋ ገበያ ላይ ሲወጣ ቢያይ የሚሰማው ቅሬታ ለማንም የተሰወረ አይደለም። ገንዘቡ ወጥቷል፤ ዕቃውም ገና አዲስ ነው፤ ሆኖም በገበያ ዓይን አርጅቷል። ዕቃው ሳይሰበር፥ ሳይዝግና ሳያልቅ የሚደርስበት ይህ እርጅና የማን ኪሳራ ሊሆን ይገባዋል? የገዢው ነውን? የነጋዴው ነውን? ወይስ አዲሱን ሠርቶ አሮጌውን ያስረጀው የአምራቹ? በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ይህን ጥያቄ ነው።

ጥያቄውን በአየር ላይ እንዳናስቀረው አንድ የታወቀ ምሳሌ መርጠናል። ይኸውም ኢቪጂኤ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ «ስቴፕ አፕ» ብሎ የሰየመው፥ ግራፊክስ ካርድ የገዛ ሰው በተወሰነ ቀን ውስጥ ልዩነቱን ብቻ ከፍሎ ወደ ተሻለ ካርድ እንዲሸጋገር ይፈቅድ የነበረው ሥርዓት ነው። ነገር ግን ይህ ሥርዓት ከሰማይ ዱብ ያለ አይደለም፤ ከመቶ ስድሳ ዓመት በላይ የሆነው የንግድ ልማድ ልጅ ነው። ስለዚህ አስቀድመን አባቶቹን እንጠይቃለን፤ ከዚያ በኋላ ወደ ልጁ እንመለሳለን። በጽሑፉ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውልልን እንለምናለን።

፩/ የልዋጭ ዓይነቶች

አሮጌን ሰጥቶ አዲስን መውሰድ ለአገራችን ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። በአዲስ አበባ ሰፈሮች «ልዋጭ! ልዋጭ!» እያሉ የሚዞሩት ነጋዴዎች አሮጌ ልብስና ጫማ ተቀብለው የቤት ዕቃ ይሰጣሉ። የዚህ ንግድ ዋጋ የሚወሰነው በደጃፍ ላይ በሚደረገው ክርክር ነው። ልዋጩ የሚወስደውም ሌላ ሰው የሠራውንና ሌላ ሰው የሸጠውን ዕቃ ነው።

የአምራች ልዋጭ ግን ከዚህ ይለያል። አምራቹ ራሱ በሠራው ወይም በተወዳዳሪው በተሠራው አሮጌ ዕቃ ምትክ የራሱን አዲስ ዕቃ ይሰጣል። ይህም በሁለት ይከፈላል። አንደኛው በአሮጌው ላይ ዋጋ ተገምቶለት፥ ግምቱ ከአዲሱ ዋጋ የሚቀነስበት ነው፤ የአውቶሞቢል ንግድ የሚሠራው በዚህ ነው። ሁለተኛው አሮጌው ዕቃ በተገዛበት ዋጋ ተቈጥሮ፥ ገዢው ልዩነቱን ብቻ የሚከፍልበት ነው። በሁለተኛው ሥርዓት ግምትና ክርክር የለም፤ የሚፈርደው ደረሰኙ ነው። ይህ ልዩነት ትንሽ መስሎ ቢታይም ወደ ፊት እንደምናየው የጉዳዩ ሁሉ መሠረት ነው።

፪/ የስፌት መኪናው ዘመን

አይዛክ ሲንገር በአሜሪካ አገር የስፌት መኪና ፓተንት ያገኘው በ1851 ነው። በአገራችን ልብስ ሰፊዎች ዘንድ «ሲንጀር» የሚባለው መኪና ስሙን ያገኘው ከዚህ ሰው ነው። ሲንገር መኪናውን ሲሠራ፥ የንግዱን ዘዴ ያወጣው ግን ሸሪኩ የነበረው ጠበቃ ኤድዋርድ ክላርክ ነበረ። በዚያን ጊዜ የመኪናው ዋጋ 125 ዶላር ስለ ነበረ፥ ተራ ቤተ ሰብ በአንድ ጊዜ ከፍሎ ሊገዛው አይችልም ነበረ። ክላርክ በ1856 ገዢው 5 ዶላር ቀብድ ከሰጠ በኋላ ቀሪውን በየወሩ እየከፈለ እንዲጨርስ የሚያደርገውን የዱቤ ሥርዓት አስጀመረ። ኩባንያው በ1855 የሸጠው 883 መኪና ሲሆን፥ በ1856 ግን 2,564 ሸጠ።

ከዱቤው ጋር ሁለተኛ ዘዴ ነበረ። አሮጌ የስፌት መኪና ያለው ሰው፥ የሲንገርም ቢሆን የሌላ ፋብሪካ ቢሆን፥ መኪናውን አምጥቶ ቢያስረክብ ከአዲሱ ዋጋ ላይ ይቀነስለት ነበረ። ኩባንያው የተረከባቸውን አሮጌዎች ግን መልሶ አይሸጣቸውም፤ እንዲሰባበሩ ያደርግ ነበረ። ምክንያቱም ግልጽ ነው። አሮጌው መኪና በርካሽ ዋጋ ወደ ገበያ ቢመለስ አዲሱን ሊገዛ የነበረውን ሰው ይወስድበታል። የተወዳዳሪው መኪናም በሰው ቤት እስካለ ድረስ ለተወዳዳሪው ስም ማስታወቂያ ሆኖ ይኖራል።

እንግዲህ የአምራች ልዋጭ በመጀመሪያው ምዕራፉ ላይ ሁለት ፊት እንዳለው እናያለን። አሮጌ መኪና ላላት ሴት ልግስና ነበረ፤ አዲሱን የመግዛት አቅም ለሌላትና አሮጌውን በርካሽ ልታገኝ ትችል ለነበረችው ሴት ግን የተዘጋ በር ነበረ።

፫/ የአውቶሞቢሉ መሰላል

ሄንሪ ፎርድ ሞዴል ቲ የተባለውን አውቶሞቢል በ1908 በ850 ዶላር መሸጥ ጀመረ፤ በ1920ዎቹ ዓመታት ዋጋው ከ300 ዶላር በታች ወረደ። በ1927 ሥራው እስኪቆም ድረስ 15 ሚሊዮን ያህል ተሠራ። የፎርድ እምነት አንድ ዓይነት ጠንካራ ዕቃ በየጊዜው እያረከሱ መሸጥ ነበረ።

ጀኔራል ሞተርስ የተባለው ተወዳዳሪው ሌላ መንገድ ያዘ። የኩባንያው መሪ አልፍሬድ ስሎን በ1921 በተዘጋጀው ዕቅድ የኩባንያውን አውቶሞቢሎች ከ450 እስከ 3,500 ዶላር ድረስ በስድስት የዋጋ ደረጃ ከፈላቸው። ሼቭሮሌት በታች፥ ካዲላክ በላይ ሆኖ፥ በመካከል ያሉት ደረጃቸውን ይዘው ቆሙ። ገዢው ኑሮው በተሻሻለ ቍጥር ያለውን መልሶ አንድ ደረጃ እንዲወጣ የተሠራ መሰላል ነበረ። በዱቤ እንዲሸጥም ኩባንያው ቀደም ብሎ በ1919 የራሱን የብድር ድርጅት አቋቁሞ ነበረ።

ስሎን በ1960ዎቹ መጀመሪያ ባወጣው የሥራ ዘመን ታሪኩ ላይ፥ የ1920ዎቹን ገበያ የለወጡት አራት ነገሮች ናቸው ይላል፤ እነርሱም የዱቤ ሽያጭ፥ አሮጌ መኪናን መልሶ መቀበል፥ የተዘጋ አካል ያለው መኪናና በየዓመቱ የሚወጣ አዲስ ሞዴል ናቸው። እንደ ርሱ አስተያየት ሞዴል ቲን ያሸነፈው አንዱ ነገር ራሱ አሮጌው መኪና ነው። ተራ መጓጓዣ ብቻ የሚፈልገው ሰው፥ አዲስ ሞዴል ቲ ከመግዛት ይልቅ በዚያው ገንዘብ የተሻለ አሮጌ መኪና ያገኝ ጀመር። አሮጌውን የመለሰው ሰው ደግሞ የሚፈልገው ከመለሰው የሚበልጥ ነበረና ወደ ሞዴል ቲ አይመለስም።

ይሁን እንጂ የዚህን ልዋጭ ኪሳራ የተሸከመው አምራቹ ሳይሆን በየከተማው ያለው ወኪል ነጋዴ ነበረ። ወኪሉ አዲሱን ለመሸጥ ሲል አሮጌውን ከሚገባው በላይ ገምቶ ይቀበላል፤ ከዚያ በኋላ ሊሸጠው ሲሞክር ገንዘቡ አይመለስለትም። ከዚህ ኪሳራ ለመዳንም መጥፎ ዘዴ ተፈጠረ፤ ይኸውም የአዲሱን ዋጋ አስቀድሞ ከፍ አድርጎ መናገርና፥ ከዚያ ለአሮጌው «ትልቅ ዋጋ ሰጠንህ» ማለት ነው። ገዢው በአንድ እጁ የተቀበለውን በሌላ እጁ መለሰ ማለት ነው። ይህን ለመግታት በሴናተር ማይክ ሞንሮኒ ስም የሚጠራው ሕግ በ1958 በአሜሪካ ወጣ፤ በማንኛውም አዲስ አውቶሞቢል መስኮት ላይ አምራቹ የቈረጠው ዋጋ ተጽፎ እንዲለጠፍ አዘዘ። ከዚህም የምንማረው፥ የአዲሱ ዋጋ በግልጽ ካልታወቀ የአሮጌው ዋጋ ምንም ትርጕም እንደሌለው ነው።

መንግሥትም አንድ ጊዜ ልዋጭ ሆኖ ነበረ። በ2009 የአሜሪካ መንግሥት ብዙ ነዳጅ የሚበላ አሮጌ መኪና ላመጣ ሰው 3,500 ወይም 4,500 ዶላር ከአዲስ መኪና ዋጋ ላይ እንዲቀነስለት አደረገ። ለዚህም 3 ቢሊዮን ዶላር ተመድቦ፥ ወደ 680,000 የሚጠጉ መኪናዎች ተለወጡ። የአሮጌዎቹ ሞተሮች ዳግመኛ እንዳይሠሩ ተደርገው ተበላሹ። የክላርክ መዶሻ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ በሌላ መልክ ተመልሶ መጣ ለማለት እንችላለን።

፬/ ስለ አሮጌ ዕቃ ጥርጣሬ

ሰው አሮጌ ዕቃውን ለጎረቤቱ ሸጦ አዲሱን ለምን አይገዛም? ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መልስ የሰጠው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ ነው። በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ ያስረዳው እንዲህ ነው። የአሮጌ መኪናን ጤንነት ሻጩ ያውቃል፤ ገዢው ግን አያውቅም። ስለዚህ ገዢው «ደኅና ቢሆን ኖሮ ለምን ይሸጠዋል?» ብሎ ይጠረጥርና ዝቅተኛ ዋጋ ብቻ ለመክፈል ይወስናል። ዋጋው ዝቅ ሲል ደግሞ ደኅና መኪና ያለው ሰው አልሸጥም ይላል፤ ገበያውም ለብልሹዎች ይቀራል። አከርሎፍ ስለዚህ ጥናቱ በ2001 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር የኖቤልን ሽልማት ተካፍሏል።

አምራቹ ግን ከዚህ ጥርጣሬ ነጻ ነው። ዕቃውን ራሱ ስለ ሠራው መርምሮ ብልሽቱን ለማወቅ ይችላል፤ የሚጠገን ከሆነ የሚጠግንበት መሣሪያና መለዋወጫ አለው፤ በራሱ ዋስትና መልሶ ሲሸጠው ገዢ ያምነዋል። በሁለት እንግዶች መካከል ያለ አግባብ የሚጠፋውን ዋጋ አምራቹ ሊያድነው ይችላል ማለት ነው። የልዋጭ ሥርዓት ማታለያ ብቻ ነው የሚሉ ሰዎች ይህን ጥቅም ሳይመለከቱት ያልፋሉ ብለን እናምናለን።

፭/ ግራፊክስ ካርድ ምንድር ነው?

ግራፊክስ ካርድ በኮምፒዩተር ውስጥ የሚሰካ፥ በመስታወቱ ላይ የሚታየውን ሥዕል የሚያሰላ ክፍል ነው። በወርዱ 1,920፥ በቁመቱ 1,080 ነጥብ ያለው መስታወት በጠቅላላው 2,073,600 ነጥቦች አሉት። የኮምፒዩተር ጨዋታ ሳይቈራረጥ እንዲታይ ሥዕሉ በአንድ ሴኮንድ 60 ጊዜ ይታደሳል እንበል፤ እንግዲያውስ ካርዱ በያንዳንዱ ሴኮንድ ከ124 ሚሊዮን በላይ የነጥብ ቀለም መወሰን አለበት። ይህን ሥራ አንድ ብርቱ ሠራተኛ አይችለውም፤ በአንድነት የሚሠሩ ብዙ ትንንሽ ሠራተኞች ያስፈልጉታል። በ2016 የወጣው ጂቲኤክስ 1080 የተባለው ካርድ 2,560 እንዲህ ያሉ የማስሊያ ክፍሎች ነበሩት፤ በ2020 የወጣው አርቲኤክስ 3080 ግን 8,704 አሉት።

ከዚህ እንደምንረዳው ግራፊክስ ካርድ ከስፌት መኪና ተቃራኒ ነው። የስፌት መኪና ለልጅ ልጅ ይተርፋል፤ ግራፊክስ ካርድ ግን ሳይበላሽ ያረጃል። ኤንቪዲያ የተባለው፥ በ1993 የተቋቋመው የቺፕ ሠሪ፥ አዲስ ትውልድ የሚያወጣው በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ ያህል ነው። ጂቲኤክስ 1080 በግንቦት 2016፥ አርቲኤክስ 2080 በመስከረም 2018፥ አርቲኤክስ 3080 በመስከረም 2020፥ አርቲኤክስ 4090 በጥቅምት 2022 ወጡ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ኤንቪዲያ ዋናውን ቺፕ ነድፎ ይሸጣል እንጂ፥ በየሱቁ የሚገኘውን ካርድ ሁሉ ራሱ አይሠራም። ሌሎች ኩባንያዎች ቺፑን ገዝተው፥ ሰሌዳውንና ማቀዝቀዣውን ሠርተው፥ በራሳቸው ስምና ዋስትና ይሸጡታል። በ1999 በአሜሪካ የተቋቋመው፥ መቀመጫው በካሊፎርኒያ ብሬያ ከተማ የሆነው ኢቪጂኤ ከነዚህ አንዱ ነበረ። የሚሠራውም በኤንቪዲያ ቺፕ ብቻ ነበረ። ሁሉም የሚሸጡት ያንኑ ቺፕ ስለ ሆነ፥ ከጎረቤታቸው ተለይተው ለመታወቅ ያላቸው መንገድ ማቀዝቀዣው፥ ዋስትናውና ለገዢ የሚያደርጉት መስተንግዶ ነበረ። ስቴፕ አፕ የተወለደው ከዚህ ውድድር ነው።

፮/ የስቴፕ አፕ ሥርዓት አሠራር

የሥርዓቱ ደንብ በአጭሩ ሲነገር እንዲህ ነበረ።

አንደኛ፤ ካርዱ ኩባንያው ከሚያውቀው ነጋዴ አዲስ ሆኖ የተገዛ መሆን ነበረበት። ያገለገለ ካርድ የገዛ ሰው አይገባም።

ሁለተኛ፤ ገዢው ካርዱን በስሙ አስመዝግቦ ደረሰኙን ያቀርባል። ደረሰኝ የጠፋበት ሰው መብቱም ይጠፋበታል።

ሦስተኛ፤ ካርዱ በተገዛ በ90 ቀን ውስጥ ማመልከት አለበት። በቀኑ ውስጥ ካመለከተ ግን፥ የተመኘው ካርድ እስኪገኝ ድረስ በወረፋ ሲጠብቅ ቀኑ ቢያልፍ መብቱ አይቀርም።

አራተኛ፤ ተራው ሲደርስ በከፈለው ዋጋና ኩባንያው ለአዲሱ በቈረጠው ዋጋ መካከል ያለውን ልዩነት ከነማጓጓዣው ይከፍላል።

አምስተኛ፤ አሮጌውን ካርድ በራሱ ወጪ ይልካል። ኩባንያው ከተረከበ በኋላ አዲሱን ይልክለታል። በመካከሉ ላሉት ቀናት ገዢው ያለ ካርድ ይቀመጣል።

ስድስተኛ፤ ሥርዓቱ የሚሠራው በአሜሪካ፥ በካናዳና በተወሰኑ የኤውሮፓ አገሮች ነበረ። ስለዚህ ለኛ አገር ገዢ የሩቅ ነገር ነበረ።

ጥቅሙን በቍጥር ለማየት ያህል ኤንቪዲያ በ2020 ያስታወቃቸውን መነሻ ዋጋዎች እንውሰድ፤ አርቲኤክስ 3070 በ499 ዶላር፥ አርቲኤክስ 3080 በ699 ዶላር ነበሩ። አንድ ሰው የመጀመሪያውን ገዝቶ ከሁለት ወር በኋላ ሁለተኛውን ቢመኝ፥ በስቴፕ አፕ የሚከፍለው 200 ዶላርና ማጓጓዣውን ነው። ያለዚህ ሥርዓት ግን ካርዱን በግል መሸጥ አለበት። አከርሎፍ በገለጸው ጥርጣሬ ምክንያት 100 ዶላር ጐድሎ በ399 ተሸጠለት ብንል፥ የሚጨምረው 300 ዶላር ይሆናል። ልዩነቱ የሁለት ወር የእርጅና ዋጋ ነው፤ ያን ኪሳራ ከገዢው ወስዶ የተሸከመው ኩባንያው ነው።

የተመለሰው ካርድስ ወዴት ይሄዳል? ኢቪጂኤ እንደ ሲንገር ወኪሎች በመዶሻ አልሰባበረውም። የተመለሱትን መርምሮ ዋስትናቸውን አሳጥሮ በቅናሽ ዋጋ ይሸጥ ነበረ። ስለዚህ ገንዘቡ ያነሰው ሁለተኛው ገዢ ከበር አልተመለሰም። በዚህ ረገድ የኋለኛው ልጅ ከአባቱ ይሻላል ብለን ለመፍረድ እንደፍራለን። እንደ አገራችን ባለው፥ ከዱባይና ከሌላም ስፍራ ያገለገለ ኮምፒዩተር በብዛት በሚገዛበት ገበያ ላይ ለሚኖር ሰው፥ የሌላው አገር አሮጌ ዕቃ መሰበሩና መትረፉ ትንሽ ነገር አይደለምና።

፯/ ስለ 90 ቀን

90 ቀን ለምን ተመረጠ? ኩባንያው ምክንያቱን ዘርዝሮ ባይነግረንም፥ ሒሳቡን ራሳችን ልንሠራው እንችላለን። የአንድ ትውልድ ዕድሜ 24 ወር ያህል ከሆነ፥ 3 ወር ከዚያ ላይ አንድ ስምንተኛው ነው። ስለዚህ አዲስ ትውልድ ሲወጣ በሥርዓቱ ሊጠቀም የሚችለው በመጨረሻው ስምንተኛ ጊዜ ውስጥ የገዛው ሰው ብቻ ነው። የቀሩት ሰባቱ እጆች ጊዜያቸው አልፏል።

ነገር ግን ለአምራቹ አስጊ የሆነው ያ የመጨረሻው ስምንተኛ ጊዜ ነው። አዲስ ትውልድ ሊወጣ ነው የሚል ወሬ ሲሰማ ገዢው ሁሉ እጁን ይሰበስባል፤ በመጋዘን ያለው አሮጌ ዕቃም ሳይሸጥ ይቀራል። በኮምፒዩተር ንግድ ታሪክ የዚህ አደጋ ምሳሌ ሆኖ የሚጠቀሰው ኦስቦርን የተባለው ኩባንያ ነው። በ1981 በ1,795 ዶላር ያወጣው ተንቀሳቃሽ ኮምፒዩተር በሰፊው ከተሸጠለት በኋላ፥ የሚከተለው ሞዴል ገና ሳይደርስ ስለ እርሱ አወራ፤ ገዢዎችም አዲሱን እንጠብቃለን አሉ። ኩባንያው በመስከረም 1983 ከሰረ። ለውድቀቱ ሌሎች ምክንያቶች እንደ ነበሩ የሚጽፉ ቢኖሩም፥ ነገሩ በንግድ ዓለም እንደ ተረት ሆኖ ቀርቷል።

የ90 ቀን ተስፋ ለዚህ በሽታ መድኃኒት ነው። «ዛሬ ግዛ፤ ነገ የተሻለ ቢመጣ ልዩነቱን ከፍለህ ትወስዳለህ» የተባለ ገዢ የሚጠብቅበት ምክንያት የለውም። እንግዲህ ስቴፕ አፕ ችሮታም አልነበረም፥ ማታለያም አልነበረም፤ ሁለቱም ወገን የሚፈራውን ነገር በጋራ የሚሸከምበት ውል ነበረ።

፰/ ከ2020 እስከ 2022 የደረሰው ፈተና

ይህ ውል በጥጋብ ዘመን ተጽፎ በረኃብ ዘመን ተፈተነ። አርቲኤክስ 3080 በመስከረም 17 ቀን 2020 ሲወጣ ወረርሽኙ ሰዉን በየቤቱ አስቀምጦት ነበረ፤ የቺፕ አቅርቦት አንሶ ነበረ፤ ኢቴሪየም የተባለውን ዲጂታል ገንዘብ ለማውጣት ካርዶችን በብዛት የሚገዙ ሰዎችም ነበሩ። የገበያው ዋጋ ኩባንያው ከቈረጠው በእጅጉ በለጠ።

በዚህ ጊዜ ስቴፕ አፕ ከታሰበለት በላይ የከበረ መብት ሆነ፤ ምክንያቱም ውሉ የሚለው በኩባንያው ዋጋ እንጂ በገበያው ዋጋ አይደለምና። በጊዜው ያመለከቱ ሰዎች በወረፋ ብዙ ወራት ጠበቁ፤ ነገር ግን እጃቸው ላይ ያለውን ካርድ እየተጠቀሙ ነበረ የሚጠብቁት። ከቻይና በሚገቡ ካርዶች ላይ ቀረጥ ተመልሶ ስለ ተጣለ ኩባንያው በጥር 2021 ዋጋውን ጨመረ።

ከዚህ ላይ የሥርዓቱ ድካም ተገለጠ። ጀኔራል ሞተርስ መሰላሉን ሲያቆም ከታች እስከ ላይ ያለውን ደረጃ ሁሉ ራሱ ይሠራው ነበረ። ኢቪጂኤ ግን ቀጣዩን ደረጃ የሚሠራው ሌላ ሰው የሆነበትን መሰላል ነበረ ተስፋ የሰጠው። ቺፑ በስንት እንደሚገዛ፥ መቼ እንደሚወጣ፥ ስንት እንደሚደርሰውም የሚወስነው ኤንቪዲያ ነው። ኤንቪዲያ የራሱንም ካርድ ስለሚሸጥ አቅራቢም ተወዳዳሪም ሆነ።

በመስከረም 16 ቀን 2022 ኢቪጂኤ የሚቀጥለውን የኤንቪዲያ ትውልድ እንደማይሠራ ጌመርስ ኔክሰስ በተባለው ድርጅት በኩል ተሰማ። ኢቴሪየም ካርድ የማያስፈልገው አሠራር የጀመረው በዋዜማው፥ በመስከረም 15 ቀን ነበረ። የኩባንያው መሪ አንድሩ ሃን በሰጡት ምክንያት፥ የአዲሱ ዕቃ ዋጋ ለሕዝብ በሚታወጅበት ጊዜ ካልሆነ በቀር አስቀድሞ እንደማይነገራቸውና ከትልልቆቹ ካርዶች የሚያገኙት ትርፍ ወደ ኪሳራ እንደ ዞረ ገለጹ። ግራፊክስ ካርድ ከኩባንያው ገቢ አራት አምስተኛውን ያህል ያስገባ ስለ ነበረ ውሳኔው ቀላል አልነበረም። ኩባንያው አስቀድሞ የሰጠውን ዋስትና እንደሚያከብር አስታወቀ፤ ሆኖም ከአርቲኤክስ 4090 ጀምሮ ያሉት ካርዶች በስሙ ስላልወጡ፥ መሰላሉ በዚያው ደረጃ ላይ ተቈረጠ።

እንዲህ ያለ ነገር የመጀመሪያው አልነበረም። ቢኤፍጂ የተባለው ሌላ የአሜሪካ ካርድ ሠሪ የ100 ቀን ልዋጭና የዕድሜ ልክ ዋስትና ይሰጥ ነበረ። በ2010 ኩባንያው ራሱ ተዘጋ፤ ዋስትናውም አብሮት ተቀበረ። «የዕድሜ ልክ» የተባለው የገዢው ወይም የካርዱ ዕድሜ ሳይሆን የኩባንያው ዕድሜ መሆኑ የታወቀው ያን ጊዜ ነው።

ማጠቃለያ

ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገሮችን እንሰበስባለን።

የመጀመሪያው፤ የአምራች ልዋጭ የእርጅናን ኪሳራ ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው ያዛውራል እንጂ አያጠፋውም። በስፌት መኪናው ዘመን ኪሳራው ርካሽ አሮጌ መኪና በተነፈገው ድኻ ላይ ወደቀ፤ በአውቶሞቢሉ ዘመን በወኪሉ ላይ፥ ከርሱም ተመልሶ ባልነቃው ገዢ ላይ ወደቀ፤ በግራፊክስ ካርዱ ዘመን ለ90 ቀን ብቻ ሻጩ ራሱ ተሸከመው። ማንኛውንም እንዲህ ያለ ሥርዓት የሚመረምር ሰው አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት «ኪሳራው የማን ነው?» ብሎ ነው።

ሁለተኛው፤ ግልጽ ዋጋ ከትልቅ ግምት ይበልጣል። ሞንሮኒ በሕግ ያስገኘውን ነገር ስቴፕ አፕ በደረሰኝ አስገኝቶታል፤ ሁለቱም ዋጋዎች በጽሑፍ የታወቁ ስለ ነበሩ የሚሸሸግ ነገር አልነበረም። ዛሬ በአሜሪካና በኤውሮፓ የስልክ ሠሪዎች አሮጌ ስልክ ተቀብለው አዲስ ሲሸጡ የሚሰጡት ዋጋ ግምት ነው፤ ገዢው ከመቀበሉ በፊት በግል ቢሸጠው ከሚያገኘው ጋር ማስተያየት ይገባዋል።

ሦስተኛውና ዋናው፤ ተስፋ የሚሰጥ ሰው ተስፋ የሰጠበት ነገር በእጁ ያለ መሆን አለበት። ኢቪጂኤ ውሉን አላፈረሰም፤ ገዢዎቹንም አልካደም። ነገር ግን የነገውን ዕቃ የሚሠራው ሌላ ሰው ስለ ነበረ፥ የነገን ተስፋ ለዘለቄታው ሊሰጥ አልቻለም። በሌላ ሰው ማሳ ላይ እሸት የሚጋብዝ ሰው ግብዣው ቅን ቢሆንም የማሳው ባለቤት በሩን የዘጋ ቀን እንግዶቹን በባዶ እጅ ይመልሳል። ስለዚህ በእንዲህ ያለው ውል የሚገባ ገዢ ቀኑን ይቍጠር፤ ደረሰኙን ይጠብቅ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ተስፋ የሰጠው ሰው የተስፋው ዕቃ ባለቤት መሆን አለመሆኑን ይመርምር እንላለን።